የስንዴው ከረጢትና የእርከኑ ባለቤት
የአውሮፓ የእርሻ ፖሊሲና የኢትዮጵያ ደጋ አፈር ጥበቃ በንጽጽር ሲታዩ

መግቢያ

በ1985 በወሎ ተራሮች ላይ እርከን ይሠራ ለነበረ ገበሬ የአንድ ቀን ድካሙ ዋጋ ሆኖ የተተመነለት 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በኖርፎክ አውራጃ፣ ሃልቨርጌት በተባለው ረግረጋማ የግጦሽ ሜዳ ከብት ያረባ ለነበረ ገበሬ ደግሞ ሌላ ዓይነት ስምምነት ቀረበለት። የሜዳውን ውሃ አጠንፍፎ ስንዴ መዝራቱን ትቶ እንደ ቀድሞው ከብት ቢያስግጥበት፣ ለእያንዳንዱ ኤከር በዓመት 50 ፓውንድ እንደሚከፈለው የሚገልጽ ውል ነበር። የወሎው ገበሬ አፈሩ እንዳይሸረሸር ስንዴ ተሰጠው፤ የኖርፎኩ ገበሬ ስንዴ እንዳይዘራ ገንዘብ ተሰጠው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ተብለው ካልተጻፉ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም፤ ታሪካቸውም በአንድነት ሲጻፍ እምብዛም አይታይም። የአውሮፓን የእርሻ ፖሊሲ የሚያጠኑ ምሁራን ስለ ብራስልስ ይጽፋሉ፤ የኢትዮጵያን የአፈር ጥበቃ የሚያጠኑት ደግሞ ስለ አዲስ አበባና ስለ ወሎ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው። በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ ድካም የተሠራው የኢትዮጵያ እርከን ብዙው ስለ ምን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈረሰ? ጸሐፊው የሚያቀርበው መልስ፣ ጉድለቱ በዋነኛነት በድንጋዩ አካካብ ወይም በገበሬው አለማወቅ ላይ ሳይሆን፣ እርከኑ ባለቤት ስላልነበረው ነው የሚል ነው። ይህም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬ አውሮፓ በቡናችን ላይ አዲስ ሕግ ባወጣችበት ሰዓት ያው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል።

1. የአውሮፓ መንገድ፦ ከረሀብ ወደ ትርፍ ምርት

አውሮፓ ዛሬ የጠገበች አህጉር ብትሆንም የእርሻ ፖሊሲዋ የተወለደው ከረሀብ ትዝታ ነው። በ1944–45 ክረምት በጀርመን ጦር በተያዘችው ሆላንድ ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በረሀብ አልቋል። ከጦርነቱ ፍጻሜ ጀምሮ የሆላንድ የእርሻ ሚኒስትር የነበሩት ሲኮ ማንስሆልት በ1958 የአውሮፓ የኤኮኖሚ ማኅበረሰብ የመጀመሪያው የእርሻ ኮሚሽነር ሆኑ። የ1957ቱ የሮም ውል በ39ኛው አንቀጹ የጋራ የእርሻ ፖሊሲን ዓላማዎች ሲዘረዝር ምርት እንዲጨምር፣ ገበሬው ተገቢ ኑሮ እንዲኖር፣ ገበያው እንዲረጋጋ፣ ምግብ እንዳይጠፋ፣ ዋጋውም ለሸማቹ የሚቻል እንዲሆን ይደነግጋል። ስለ አፈር፣ ስለ ውሃና ስለ ደን ግን አንዲት ቃል የለበትም።

በ1962 ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓት አሠራሩ ቀላል ነበር። ማኅበረሰቡ ለስንዴ፣ ለቅቤና ለመሳሰሉት ምርቶች ከዓለም ገበያ ከፍ ያለ ዋጋ ይተምናል፤ ገበያው ከዚያ በታች ሲወርድ ምርቱን ራሱ ገዝቶ በመጋዘን ያከማቻል፤ ከውጭ የሚገባውን በቀረጥ ያግዳል፤ የተረፈውን ደግሞ ድጎማ ጨምሮ ወደ ውጭ ይሸጣል። የኢትዮጵያ ገበሬ በታሪኩ አይቶት የማያውቅ ዋስትና ነበር። የአውሮፓው ገበሬ ምንም ያህል ቢያመርት ገዢ አያጣም።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። ማንስሆልት ራሳቸው ገና በ1968 ሥርዓቱ ሊሸከመው የማይችለውን ትርፍ ምርት እንደሚፈጥር አስጠንቅቀው ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ በማኅበረሰቡ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ የተከማቸው ቅቤ ከ1 ሚሊዮን ቶን አልፎ ነበር፤ ከጠቅላላው በጀትም ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚበላው እርሻ ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ በዝግታ የታየው ጉዳት ደግሞ በመሬቱ ላይ የደረሰው ነው። ዋጋው የተረጋገጠለት ገበሬ በማሳዎች መካከል የነበረውን የቁጥቋጦ አጥር ነቀለ፤ ረግረጉን አጠነፈፈ፤ ማዳበሪያውን አበዛ። ከዚህም የተነሣ የወንዙና የከርሰ ምድሩ ውሃ በናይትሬት ተበከለ። ማኅበረሰቡ ናይትሬትን የሚመለከት መመሪያ ያወጣው በ1991 ነው።

ከተከማቸው እህል የተወሰነው በርዳታ መልክ ወደ ድሀ አገሮች ይሄድ ነበር። ማኅበረሰቡ የምግብ ርዳታ መስጠት የጀመረው በ1967 የተፈረመውን የምግብ ርዳታ ስምምነት ተከትሎ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም በየካቲት 1975 የመጀመሪያውን የሎሜ ስምምነት ከፈረሙት 46 የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓስፊክ አገሮች አንዷ ነበረች። በታኅሣሥ 1984 የአውሮፓ መሪዎች ደብሊን ላይ ተሰብስበው በረሀብ ለተጠቁት የአፍሪካ አገሮች 1.2 ሚሊዮን ቶን እህል ለመስጠት ቃል ገቡ። ይህ እህል የሰው ሕይወት ማትረፉን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ እህሉ ሊገኝ የቻለው መጋዘኑ ሞልቶ ስለ ነበር ጭምር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። የአውሮፓ የምግብ ርዳታ ከትርፍ ምርት ጋር የነበረው ትስስር በሕግ የላላው በ1996 ነው።

2. ምግብ ለሥራ፦ የወሎ እርከን

በኢትዮጵያ በኩል ታሪኩ የሚጀምረው ከ1966ቱ ዓ.ም. የወሎ ረሀብና ተከትሎት ከመጣው አብዮት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስወገደ። ይህ ታላቅ የፍትሕ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። በአንጻሩ ደግሞ መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት አድርጎ አስተዳደሩን ለገበሬ ማኅበራትና ከእነሱ በላይ ለነበረው የመንግሥት መዋቅር ሰጠ። ገበሬው ከባለጉልቱ ተላቀቀ፤ ነገር ግን የሚያርሰው ማሳ በሚቀጥለው ሽግሽግ የማን እንደሚሆን ማወቅ አልቻለም።

የአፈር ጥበቃው ዘመቻ የተካሄደው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በትግራይና በወሎ በትንሹ የተሞከረው «ምግብ ለሥራ» ከ1980 ጀምሮ በዓለም የምግብ ፕሮግራም አማካይነት በአህጉሩ ታላቅ ከሚባሉት ፕሮግራሞች አንዱ ለመሆን በቃ። ከ1976 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት 600 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የእርሻ ማሳ እርከን፣ 470 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የተራራ እርከን እንደ ተሠራ፣ 80 ሺህ ሄክታር ከከብት ንክኪ እንደ ተከለለና 500 ሚሊዮን ችግኝ እንደ ተተከለ በጽሑፎች ላይ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ስንዴው የመጣው ከአውሮፓ ብቻ አልነበረም፤ ከሰሜን አሜሪካና ከሌሎችም ዘንድ ይመጣ ነበር። ሆኖም የአውሮፓ ማኅበረሰብና አባል መንግሥታቱ ከዋነኞቹ ሰጪዎች መካከል ነበሩ።

ለዘመቻው ሳይንሳዊ ድጋፍ የሰጠው ዋናው ሰነድ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1986 የጨረሰው የኢትዮጵያ ደጋ አካባቢዎች ጥናት ነው። ጥናቱ በየዓመቱ ከ1.9 ቢሊዮን ቶን በላይ አፈር ከደጋው እንደሚሸረሸር ገመተ። ቁጥሩ ዓለምን አስደነገጠ። ቆይተው የተደረጉ ግምገማዎች፣ በተለይም ቦዮና ካስልስ በ1995 ለዓለም ባንክ ያቀረቡት፣ ከአንዱ ማሳ የታጠበው አፈር ብዙው እዚያው ተፋሰስ ውስጥ ተመልሶ እንደሚያርፍ በመቁጠር የጉዳቱን መጠን በእጅጉ ዝቅ አድርገውታል። አገሪቱ በቅርብ ዘመን 40 በመቶ በደን ተሸፍና ነበር የሚለውንም ተደጋጋሚ አባባል ጄምስ ማካንን የመሳሰሉ የታሪክ ምሁራን መሠረት የሌለው መሆኑን አሳይተዋል። ዶናልድ ክራሚም በ1930ዎቹ የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ከኋለኛው ዘመን ገጽታ ጋር አነጻጽረው የደን ጭፍጨፋው ታሪክ እንደሚባለው ቀጥተኛ አለመሆኑን ጽፈዋል። ይህ ማለት አፈሩ አልተጎዳም ማለት አይደለም። ማለት የተፈለገው፣ የጥፋቱ ታሪክ ሲጋነን ጥፋተኛ ሆኖ የሚቀርበው ገበሬው እንደ ነበር፣ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ደግሞ ምክር እንደማይጠየቅ ነው።

በእርግጥም አልተጠየቀም። የደጋው ገበሬ ከአያቶቹ የወረሰው የአፈርና የውሃ ጥበቃ ዘዴ ነበረው። ትርፉን ውሃ የሚያስወግድበትን ፈሰስ ከበሬ ጋር በማረሻ ያወጣል፤ ድንጋዩን ለቅሞ በማሳው ዳር ይክባል፤ በድንበሩ ላይ ሣር ይተዋል፤ መሬቱን ያሳርፋል። በደቡብ ደግሞ የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ የጠበቀው የድንጋይ እርከን በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዘመቻው ግን አንዱን የእርከን ዓይነት በየቦታው አዘዘ። ዝናብ በሚበዛበት አገር እርከኑ ውሃ አቁሮ ሰብሉን አበላሸ፤ እርከኖቹ ስለ ተቀራረቡ በሬ ጠምዶ ለማዞር አስቸገረ፤ ከማሳው ላይ ስፋት ወሰደ፤ በካቡ ውስጥም አይጥ ተራባ። ከ1981 ጀምሮ ከስዊስ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድና በጎጃም አንጀኒን በመሳሰሉ ጣቢያዎች የተካሄደው ምርምር ከእነዚህ ችግሮች ብዙዎቹን በመለኪያ አረጋግጧል። ነገር ግን የምርምሩ ውጤት እስኪደርስ ዘመቻው ቀድሞ ሄዷል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ የራሱን ትዝታ ቢጨምር አንባቢ ይቅርታ እንደሚያደርግለት ተስፋ አለው። በ1977 ዓ.ም. በወሎ ተማሪ ሳለሁ ከመምህራኖቻችን ጋር ወደ ኮረብታ እየወጣን ችግኝ እንተክል ነበር። ጉድጓዱ ይቆጠራል፤ ችግኙ ይቆጠራል፤ ሪፖርቱ ይላካል። በዓመቱ ተመልሶ ስንቱ እንደ ጸደቀ የጠየቀን ሰው አላስታውስም። በ1983 ዓ.ም. በዚያው ኮረብታ ሥር ሳልፍ ከጉቶ በቀር የቀረ አልነበረም። ለምን እንደ ተቆረጠ የጠየቅኋቸው አንድ አዛውንት፣ የማን ነው ብለን እንጠብቀው ሲሉ ጥያቄዬን በጥያቄ መለሱልኝ። ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው ጥያቄ የዘገየ መልስ ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል።

የአዛውንቱ ጥያቄ የብዙኃኑ ጥያቄ እንደ ነበር ታሪኩ ይመሰክራል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኤኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ ገበሬው በየቦታው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን በተነ፤ የመንደር ምሥረታውን ትቶ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ፤ የተከለለውን ተራራ ለከብት ከፈተ፤ የማኅበሩን ደን ቆረጠ፤ ከማሳው ላይ እርከኑን አፈረሰ። በ1991 ሥርዓቱ ሲወድቅም ይኸው ባሰ። አለን ሆበንና ደሳለኝ ራህማቶ ይህን ዘመን ባጠኑባቸው ሥራዎቻቸው እንዳስረዱት፣ የፈረሰው በገበሬው ዓይን የመንግሥት የሆነው ነገር ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል ያገራችን ሰው። የእርከኑ አጥር የተነቀነቀው ባለቤቱ ነኝ ይል የነበረው መንግሥት ስለ ተናቀ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ መጨመር ይገባል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ለገበሬው ከዓለም ገበያ በላይ ይከፍል በነበረበት ዘመን፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከገበሬው እህል በኮታ ይገዛ የነበረው ከአካባቢው ገበያ እጅግ በወረደ ዋጋ ነበር። የወሎው ገበሬ በአንድ እጁ እህሉን በርካሽ ያስረክባል፤ በሌላው እጁ የአውሮፓን ትርፍ ስንዴ ለእርከን ሥራ ይቀበላል። ለአፈሩ የሚበጀውን ሥራ በገዛ ምርቱ ገቢ የሚሠራበት አቅም የተነጠቀው በዚህ መልክ ነው።

3. የሃልቨርጌት ውል

አሁን ወደ ኖርፎክ እንመለስ። በሃልቨርጌት የነበረው ክርክር የተነሣው ከዚሁ የስንዴ ዋጋ ነው። ዋጋው ስለ ተረጋገጠ ገበሬዎቹ ዘመናትን ያስቆጠረውን የግጦሽ ሜዳ ሊያርሱት ተነሡ፤ የተፈጥሮ ጥበቃ ወገኖችም ተቃወሙ። መንግሥት ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወይ መከልከል ወይ መዋዋል። የመረጠው መዋዋልን ነው። በ1985 የተጀመረው ሙከራ ገበሬው በፈቃዱ የሚገባበት፣ ግዴታውና ክፍያው በግልጽ የተጻፈበት ነበር፤ አብዛኞቹም ገቡበት። በዚያው ዓመት የወጣው የማኅበረሰቡ ደንብ 797/85 በ19ኛው አንቀጹ አባል መንግሥታት የተፈጥሮ ሀብታቸው በቀላሉ ሊጎዳ በሚችል አካባቢዎች ለሚያርሱ ገበሬዎች እንዲህ ያለ ክፍያ እንዲከፍሉ ፈቀደ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1987 አሠራሩን ወደ ሌሎች አካባቢዎች አሰፋ። በ1992 በኮሚሽነር ሬይ ማክሻሪ ስም የሚታወቀው ማሻሻያ ሲደረግ ደንብ 2078/92 አባል መንግሥታት ሁሉ እንዲህ ያለ ፕሮግራም እንዲኖራቸው አስገደደ፤ ውሉም ቢያንስ የ5 ዓመት እንዲሆን ወሰነ። በ2003 ደግሞ ክፍያው ከምርት መጠን ተላቆ አካባቢን ከመጠበቅ ግዴታ ጋር ተያያዘ።

ይህን ስንል አውሮፓን ለማመስገን አይደለም። የቀጥታ ክፍያው 80 በመቶ ያህል የሚደርሰው ለ20 በመቶ ያህሉ፣ ሰፊ መሬት ላላቸው ገበሬዎች ነው። የአውሮፓ የሒሳብ ተቆጣጣሪ ፍርድ ቤት በ2020 ባወጣው ሪፖርት ፖሊሲው በእርሻ መሬት ላይ ያለውን የብዝሃ ሕይወት መመናመን እንዳላስቆመ ገልጿል። በ2024 ገበሬዎች ትራክተር እየነዱ አደባባይ ሲወጡ ኅብረቱ የአካባቢ ግዴታዎቹን ካላላቸው መካከል የማሳን 4 በመቶ ሳያርሱ የመተው ደንብ ይገኝበታል። ወደ ውጭ ለሚላክ ምርት የሚሰጠው ድጎማም የሌሎች አገሮችን ገበሬዎች ሲጎዳ ኖሮ የዓለም የንግድ ድርጅት አባላት እንዲቀር የተስማሙት በ2015 ናይሮቢ ላይ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን የአውሮፓ ቸርነት ሳይሆን የሕጉ አስተሳሰብ ነው። ሃልቨርጌት ላይ ገበሬው የውሉ ፈራሚ ነበር፤ ወሎ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበር። ፈራሚ የሆነ ሰው እምቢ ማለት ይችላል፤ እሺ ካለ ደግሞ የሚጠብቀው የገዛ ቃሉን ነው።

4. የመንዝ ጓሣ

እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ለአገራችን እንግዳ ነው የሚል ቢኖር ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ መንዝ ይሂድ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍታ ጀምሮ የተዘረጋው የጓሣ ምድር ቢያንስ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። (ቃሉ ከቅርብ ዘመን የወጣቶች ንቅናቄ መጠሪያ ጋር ሊምታታ አይገባም።) አስቦና ጌራ ከተባሉት አቅኚዎች የሚወለዱት ባለርስቶች አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ መሬቱን ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከግጦሽና ከአጨዳ ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲያድግ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድና በክፉ ቀን ለከብት መኖ የሚሆነው የጓሣ ሣር በዚህ ተጠበቀ፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም በዚሁ ጥላ ሥር ተረፉ።

ቄሮ ፍጹም አልነበረም። ከአቅኚዎቹ ዘር ያልሆነ ሰው መብት አልነበረውም፤ የሴቶችም ድምፅ በሸንጎው አይሰማም ነበር። የ1967ቱ ዓ.ም. አዋጅ ይህን ሥርዓት ከርስት ጋር አብሮ ሻረው። የአዋጁ ዓላማ ፍትሕ ቢሆንም በጓሣ ላይ ያስከተለው ውጤት ግን የተዘጋው በር ለሁሉ ተከፍቶ ጠባቂ ማጣቱ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ ግን ነገሩን በዚያው አልተወውም። ከዘር ሐረግ ይልቅ በአካባቢው ነዋሪነት ላይ የተመሠረተ የጓሣ እድር አቋቁሞ ጥበቃውን በአዲስ መልክ ቀጠለ። ዘለዓለም ተፈራ በጥናታቸው እንዳሳዩት፣ ጓሣን ያተረፈው ከላይ የወረደ ትእዛዝ ሳይሆን ሕዝቡ ለራሱ ያወጣው ሕግ ነው። ብራስልስ በ1992 የደረሰችበትን የመዋዋል ጥበብ መንዝ ቢያንስ ከ300 ዓመት በፊት ታውቀው ነበር።

5. ከ1991 ወዲህ

ከደርግ ውድቀት በኋላ የመጣው መንግሥት በ1995ቱ ሕገ መንግሥት 40ኛ አንቀጽ መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ነው ሲል የቀድሞውን መርሕ አጸና። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ ጥርጣሬውን አባባሰው። በቀድሞው ሥርዓት በገበሬ ማኅበር ኃላፊነት የሠሩት «ቢሮክራሲ»፣ ሌሎቹ «ቅሪተ ፊውዳል» ተብለው ከ4 ጥማድ በላይ መሬት እንዳይዙ ተደረገ። የኖርዌዩ ምሁር ስቫይን ኤገ ይህን ሽግሽግ በዝርዝር መዝግበውታል። ማሳው በፖለቲካ ስያሜ ሊወሰድበት የሚችል ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ የሚጠቅመውን ካብ ዛሬ ይክባል ብሎ መጠበቅ አዳጋች ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን የተገኘውንም መልካም ውጤት መናገር ይገባል። ከ1998 ጀምሮ በትግራይ፣ ከ2003 ወዲህ ደግሞ በአማራና በሌሎች ክልሎች ገበሬው የይዞታ ደብተር ተሰጠው። ስታይን ሆልደንና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባሳተሙት ጥናት በትግራይ ደብተር የያዙ ገበሬዎች እርከናቸውን በመጠገንና ዛፍ በመትከል እንደ በረቱ አሳይተዋል። ያን ኒሰን የተባሉት የቤልጅግ ተመራማሪ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የተነሡትን ፎቶግራፎች በዚያው ሥፍራ በ2008 ገደማ ከተነሡት ጋር አስተያይተው በብዙ ቦታ ዕፅዋቱ ተሻሽሎ ማግኘታቸውን ገልጸዋል። በ2005 የተጀመረውና የአውሮፓ ኅብረትም ከለጋሾቹ አንዱ የሆነበት የሴፍቲኔት ፕሮግራም በመነሻው 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይዞ የተፋሰስ ሥራውን ቀጥሏል። እህል ብቻ ሳይሆን ጥሬ ገንዘብም መክፈሉ፣ ሥራውም በአካባቢው ሕዝብ እንዲታቀድ መሞከሩ ከ1980ዎቹ የተሻለ ያደርገዋል። ሆኖም የመቁጠር አባዜ ገና አልለቀቀንም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታወቀ። ጸሐፊው ይህን ዜና ሲሰማ ያ የልጅነቱ ኮረብታ ትዝ ብሎታል።

6. የኦሃዮ ምስክርነት

ይህ ጽሑፍ በተዘጋጀበት በኦሃዮ ግዛትም የአፈር ታሪክ አለ። አሜሪካ አፈሯ በአቧራ ማዕበል ሲበን አይታ በ1935 የአፈር ጥበቃ ሕግ አወጣች። በኦሃዮ ዛሬ በ88ቱ አውራጃዎች ሁሉ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ቦርድ አለ፤ 5 አባላቱን የሚመርጠው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ባለሙያው ከመንግሥት ይመጣል፤ በማሳው ላይ የሚወስነው ግን ገበሬው ነው።

ይሁን እንጂ ፈቃደኝነት ብቻውንም እንደማይበቃ ያስተማረችን ይህችው ግዛት ናት። በነሐሴ 2014 ከእርሻ ማሳዎች የታጠበ ፎስፈረስ በኢሪ ሐይቅ ላይ መርዛም አልጌ ስላበዛ በቶሊዶ ከተማና በአካባቢዋ ከ400 ሺህ በላይ ሕዝብ የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጣ ታዘዘ። ውሃውን የበከለው ከላይ ያለው ገበሬ ነው፤ የተጠማው ከታች ያለው ከተሜ ነው። በውሉ ውስጥ የታችኛው ሰው ድምፅ ከሌለበት የላይኛው ነጻነት የሌላውን ጉሮሮ ይዘጋል። ግዛቲቱ በ2019 የጀመረችው ፕሮግራም ፎስፈረስን ለሚቀንሱ ገበሬዎች መክፈሉ የዚያ ትምህርት ውጤት ነው። ተፋሰስ የጋራ ስለሆነ የባለቤትነት መብት ከኃላፊነት ጋር ካልተጣመረ ጎደሎ ነው። በዚህ ረገድ የመንዝ እድር ከኦሃዮ ቦርድ የሚያንስ አይመስለኝም።

7. ቡናና አዲሱ ሕግ

በ2023 የአውሮፓ ኅብረት ቡናን ጨምሮ 7 ዓይነት ምርቶችን የሚመለከት ደንብ አወጣ። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል፤ አስመጪውም ቡናው የተመረተበትን ማሳ መገኛ በትክክል እንዲያሳይ ያስገድዳል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተላልፏል።

የደንቡን ዓላማ የሚቃወም አስተዋይ ሰው አይኖርም። ነገር ግን አውሮፓ ለገዛ ገበሬዋ ሜዳውን እንዲጠብቅ ውል አዘጋጅታ ስትከፍል፣ ለከፋና ለጅማ ገበሬ ያዘጋጀችው የማስረጃ ግዴታ ነው። ቡናውን በደን ጥላ ሥር እያበቀለ ዛፉን ያቆየው ያ ገበሬ ለጠባቂነቱ ዋጋ አልተቆረጠለትም፤ ይልቁንም አለማጥፋቱን እንዲያስረዳ ተጠይቋል። ማስረጃው የሚሠራው በኅብረት ሥራ ማኅበሩና በላኪው አማካይነት ስለሚሆን ወጪው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ስለ ማሳው የሚዘጋጀው መረጃ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ ቆይቶም ለምን እንደሚውል የሚያውቅበት መንገድ የለም። የሽግሽግ ትዝታ ላለበት ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የቀረበው ንጽጽር አንድ ነገር ያሳያል ብለን እናምናለን። አውሮፓ መሬቷን የጎዳችው ለገበሬዋ ያለ ግዴታ በመክፈሏ ነው፤ እኛ ደግሞ ገበሬያችንን ያለ መብት በማስገደዳችን የደከምንበትን አጣን። አውሮፓ ስሕተቷን ሙሉ በሙሉ ባይሆንም በውል ልታርም ሞክራለች። በእኛ በኩል መፍትሔው በደብተሩ፣ በእድሩና በተፋሰስ ማኅበሩ ተጀምሯል፤ አልተፈጸመም።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ ይቻላል። በመጀመሪያ፣ የይዞታ ደብተር በአስተዳደር ውሳኔ የማይነጠቅ፣ በፍርድ ቤት የሚጸና መብት እንዲሆን ያስፈልጋል። በሁለተኛ ደረጃ፣ የተተከለውና የተገነባው ሳይሆን የጸደቀውና የቆመው ከዓመታት በኋላ ይቆጠር፤ ቆጣሪውም የአካባቢው ሕዝብ ይሁን። በሦስተኛ ደረጃ፣ ከአውሮፓ ጋር በቡና ጉዳይ የሚደራደሩ ሁሉ የኅብረቱን የገዛ ሕግ ይዘው ይቅረቡ። ከ1985 ጀምሮ ለኖርፎክ ገበሬ የተገባው፣ ጠባቂ ይከፈለዋል የሚለው መርሕ ለከፋ ገበሬ የማይሠራበት ምክንያት ካለ ያስረዱን።

በየትኛውም ውል ግርጌ የገበሬው ፊርማ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በወሎ ኮረብታ ላይ ያ አዛውንት ያነሡት ጥያቄ ይኸው ነበር።

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ